የበርበሬው ድንኳን

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ረፋድ 4፡30። ፍ/ሰላም፣ ሱቅ።

መብራት ሄዷል። ካውያው ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት ስልኮች አሉ። ሥራ ጠፍቶ አይደለም የተቀመጥሁት፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ።

አንዲት ተማሪ ትናንት ስክሪን ለማስቀየር ስልኳን ትታልኝ ሄደች። ቀየርሁላት፣ አበራሁት። ብርሃኑ ደህና። ንክኪው ደህና። ስክሪኑ ላይ ያደረገችው ፎቶ፦ እናቴ።

ደብተሬ፣ ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት። እናቴ ናት። ፎቶው ለሁለት ተቆርጧል። ከላይ አክስቴ ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ታለቅሳለች። ከታች እናቴ፣ የኔዋ እቴቴ፣ ሰፌድ ታቅፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ቆማለች። ዙሪያዋ ቀይ በርበሬ። መሃል ላይ ነጭ መስመር፣ በወፍራም ፊደል፦ «ማን ሞተ?»

ልጅቱ ስልኳን ልትወስድ ስትመጣ ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። ከቴሌግራም። ክፍላችን ውስጥ የሌለው ሰው የለም አለች። የሒሳብ ውጤት የተለጠፈ ቀን ተማሪዎቹ ሁሉ «አልቃሿ»፣ መምህሩ ደግሞ «ባለሰፌዷ» ሆነው ዋሉ። ይሄን ስትነግረኝ በሳቅ ልትሞት ነው። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳል ሆኖ ወጣ።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ያው ዕለት። ከቀኑ 9፡00።

መብራት አልመጣም። እንግዲያው ልጻፍልህ፣ ለሌላ ሰው የምነግረው ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ቡሬ ሄድሁ። እቴቴ በርበሬዋን ግቢውን ሙሉ አስጥታዋለች። ከረፋዱ ጀምሮ ሰማዩ ጠቆረ። በኅዳር! የተሰጣ በርበሬ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፣ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ሸራ ልዋስ ጎረቤት ዞርሁ። ሁሉም የራሱን በርበሬ ሸፍኖበታል። ያኔ ነው ያ ብልሃት የመጣልኝ። የእድሩ ድንኳን።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው አያ ደጉ ጋ ነው። እሳቸው ገበያ ናቸው። ቁልፉ የት እንደሚንጠለጠል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከፈትሁ፣ ድንኳኑን ተሸከምሁ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ብቻዬን ተከልሁ። ግማሹ ከአጥር ውጭ ወጣ። ግድ የለም፣ በርበሬው ተሸፈነ። ስልኬን አውጥቼ ሥራዬን ፎቶ ማንሳት ጀመርሁ። ጓደኞቼ ጉዴን ይዩልኝ ብዬ።

አንድ ነገር አላሰብሁም። ጾም ነው። በጾም ሠርግ የለም። በጾም የእድር ድንኳን ደጅ ላይ ከታየ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ድንኳን ያየ ሰው መጀመሪያ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ይገባል፤ የሞተው ማን እንደሆነ ከገባ በኋላ ይሰማል።

መጀመሪያ የገባችው አክስቴ ስንዱ ናት። የእናቴ ታናሽ እህት። የእናቴን ደጅ ሰባት ዓመት ያልረገጠች። ከገበያ ወደ ገጠር ቤቷ ስትመለስ ድንኳኑን ከመንገድ አይታው ነው። ዘንቢሏን የት እንደጣለችው እንጃ። እየሮጠች መጥታ በርበሬው ላይ ተንበረከከች።

የተኳረፉበትን ታውቀዋለህ፤ ባታውቀው ልንገርህ። አያቴ የሞቱት በክረምት ነው። ለአክስቴ መርዶ ሳይደርሳት ተቀበሩ። አባቷ መሞታቸውን በሦስተኛው ቀን ከመንገደኛ አፍ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ከእቴቴ ጋር ሰላምታ የለም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቢገናኙ አንዷ በወንድ በር ትወጣ ነበር ይባላል።

እና ቅዳሜ ምን እያለች አለቀሰች መሰለህ? «እህቴን! ደግሞ እንደ አባቴ ሳልሰማ!»

እቴቴ በጩኸቱ ሰፌዷን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ለእሷ ድንኳኑ የበርበሬ ድንኳን ነው። እህቷ መርዶ ይዛ የመጣች መሰላት። «ማን ሞተ?» አለች። እኔ ጣቴ ካሜራው ላይ ነበር። ተጫንሁት።

አክስቴ ድምፁን ሰምታ ዞረች። ሞተች ያለቻት ቆማለች። እንባው ባንዴ ቀጥ። ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። እቴቴ ውሃ ሰጠቻት፤ ቆማ ጠጣች። ሌሎች አልቃሾች እየገቡ፣ እኔ ልዋጥ እያልሁ ምድር አልከፈት አለኝ። ዝናቡም ሳይዘንብ አለፈ። አክስቴ አጥሩ ጋ ስትደርስ ፊቷን ሳትመልስ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ጽዋ ተራው የእሷ እንደሆነ፣ ከመጣን እንድንመጣ ተናገረች። ያቺን አንድ ቃል እቴቴ እስካሁን ደጋግማ ትነግረኛለች። ለገብርኤል እህቴ ጠርታኛለች ትላለች። ይታረቃሉ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ስለት የተሳለችለት ነው።

አሁን ያ ፎቶ በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። አክስቴ ካየችው ምን ትላለች? ሊያሾፉብኝ ድንኳን ተከሉ ትላለች። እኔ ብሆን እላለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ጠዋት 2፡15።

ዮናስን በስልክ አገኘሁት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ባ/ዳር ማተሚያ ቤት ዲዛይን ይሠራል። ቅዳሜ ፎቶውን አምስት ሆነን ለምንቀላለድበት ግሩፕ የላክሁት እኔ። «ማን ሞተ?» ብዬ ከሥሩ የጻፍሁትም እኔ። እሱ ቆርጦ አስተካከለና በሚያስተዳድረው የቀልድ ገጽ ላይ ለጠፈው። እናትህ እንደሆነች አላወቅሁም አለኝ። ከእጇ ስንት ጊዜ ምሳ በልቷል! በበርበሬው አቧራ መሃል አላየኋትም ብሎ ማለ። እሺ፣ ልመነው።

አጥፋው አልሁት። አጠፋው። ከዚያ በሐዘኔታ ድምፅ፣ የኔን ባጠፋው ምን ይፈይዳል አለ። ሌሎች ገጾች ወስደውታል። ከነሱም ሌሎች ወስደዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ዋናውን ፎቶ ከስልኬ አጠፋሁ። ከግሩፑም አጠፋሁ። እንደገና እንዳይገኝ ከመጣያውም ጠረግሁት። ከእጄ የለም፣ ስለዚህ አላነሳሁትም። የልጅ ሐሳብ። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። 11፡00፣ ሱቅ ልዘጋ ስል።

የዛሬውን ስማ። ጠዋት ከፊቴ የቆመ ባጃጅ የኋላ መስታወቱ ላይ እናቴን ለጥፏል። ቀትር ላይ ምሳ ቤት፣ ሽሮ አልቋል ሲባል አንዱ ከጥግ በአክስቴ ድምፅ አለቀሰ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእግር ኳስ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ አክስቴ ነው። ያሸነፈው ምንም እንዳልሰማ ሰፌድ ይዟል። መብራት ሲጠፋ ሕዝቡ አክስቴ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁላችንም አክስቴ። በኦሮምኛ አየሁት። በትግርኛ አየሁት። አንዱ በግእዝ ጽፎበታል፣ ቄስ ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንዱ አሳቀኝ። አልቃሿ «እኔ ሰኞ ጠዋት»፣ ባለሰፌዷ «እሑድ ማታ ማለዳ እነሳለሁ ያልሁት እኔ»። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀጥሎ አፈርሁ።

በኔ ላይ የመጣው ግን ይሄ ነው። ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ የገጠሩ ሰው ዘፈንና ስብከት የሚያስጭነው እኔ ጋ መጥቶ ነው። ዛሬ አንድ ገበሬ ሚሞሪያቸውን አቀበሉኝና ስብከቱንም፣ ማሲንቆውንም፣ ያቺን አልቃሿንም ጫንልኝ አሉ። የለኝም ልል አፌን ስከፍት ወረፋ የያዘው ሁሉ እኔ ጋ አለ፣ እኔ ጋ አለ እያለ ስልኩን ዘረጋልኝ። ጫንሁላቸው። እሳቱን የለኮስሁት እኔ፣ እንጨት የማቀብለውም እኔ።

ገበሬው ከየት ናቸው ብዬ ጠየቅሁ። ከአክስቴ ቀበሌ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ቡሬ።

የእድሩ ዳኞች ጠሩኝ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር። ስድስት ሽማግሌ፣ እኔ ቆሜ። አያ ደጉ ቁልፉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ልክ እንደ ኤግዚቢት።

ጥፋቴን አመንሁ። ቅጣት በገንዘብ ይሁን ያለም ነበር። አያ ደጉ እንቢ አሉ። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይባላል፣ ይህ ልጅ ግን ራሱ ይነቅላል፣ ራሱ ይተክላል አሉ። ተፈረደ። ዓመቱን ሙሉ በእድሩ ለቅሶ ሲኖር ከፍ/ሰላም መጥቼ ድንኳን እተክላለሁ። ካስማው ከነገመዱ የእኔ።

ፊታቸው አልተፈታም። ስንበታተን ግን አያ ደጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በርበሬውስ ተረፈ ወይ አሉኝ። ተርፏል አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የፎቶውን ነገር ማንም አላነሳብኝም። ስልካቸው ባለቁልፍ ነው፣ ቴሌግራም የለውም፣ እግዜር ይስጠው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3። 7፡00።

የፈራሁት ደረሰ።

እቴቴ ደወለች። አንድ የአክስቴ ጎረቤት ትናንት ገበያ አግኝቷት መልእክት ሰጣት። ለገብርኤል መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርዱም ከፍቷል፣ እንዳትደክሙ ብላለች። ይኸው ነው። እኛ አገር እንዳትመጡ ማለት እንዲህ ነው የሚባለው።

እቴቴ አላለቀሰችም። ምን አደረግኋት ነው የምትለው። ሦስት ጊዜ አለችው። እኔ የአንዱን ስልክ ብሎን በጣቶቼ መሃል አሽከረክራለሁ። ብሎኑ ወደቀ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5። ቡሬ፣ ከምሳ በኋላ።

ነገርኋት። ሁሉንም። ላኪው እኔ፣ ጽሑፉ የእኔ፣ ቆራጩ ዮናስ። አክስቴ አይታው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም አልሁ። ስልኬን ሰጠኋት።

የምትቆጣ መስሎኝ ትከሻዬን አጥብቤ ጠበቅሁ። እሷ ግን ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። አራቀችው። አቀረበችው። የላይኛውን አየች፣ የታችኛውን አየች። ብዙ ቆየች።

«እጄ የት ሄደ?» አለች።

አልገባኝም። ሰፌዱን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼላት ነበር እኮ አለች። ልይዛት ነበር። ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው ዞረችብኝ፣ ፈራሁና መለስሁት። እዚህ ላይ ግን እንደ ባዕድ ቆሜ አያታለሁ።

ደብተሬ፣ እጁ የነበረበት ቦታ ነጩ መስመር ነው። ዮናስ ሲቆርጥ የሄደው እሱ ነው። ሙሉው ደግሞ የለኝም። አጥፍቼዋለሁ። በገዛ እጄ፣ ከመጣያው ጭምር።

ይሄንንም ነገርኋት። ያኔ ነው የተቆጣችው። ሰው ስልክ ሲበላሽበት ወደ አንተ ይመጣል፣ አንተ የራስህን ታበላሻለህ አለች። ለእኔ አይደለም መንገር ያለብህ፣ ለእሷ ነው፤ በስልክ ደግሞ እንዳታደርገው፣ ሰው ልከህም እንዳታደርገው። መርዶ በአካል ነው የሚነገረው አለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። 8፡40።

ለሰው ስንት የጠፋ የሠርግ ፎቶ መልሻለሁ። ስንት የሙት ፎቶ። አሁን ለራሴ። ካሜራዬ የሚያስቀምጠው ሚሞሪው ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ይገኛል። ተጽፎበታል? ትንሽ። ሁለት ስብከት፣ አንድ የጎረቤት ፍየል።

ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ አስነሳሁት። ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሀ ብዬ ጀመርሁ። ዮናስም የእሱን ይፈልግ ብዬው ነበር። ቆርጦ ካስቀመጠው ሌላ የለውም። አዝኗል፣ ዛሬ አልቀለደም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9። 5፡20።

ተገኘ!

ከሥር በኩል ጥቂት ግራጫ ሆኗል። እግሮቻቸው የሉም። እጁ ግን አለ። እቴቴ ያለችው በሙሉ አለ። ሰፌዱ ዘንበል ብሏል፣ በርበሬው በጎን እየፈሰሰ ነው፣ አላስተዋለችውም። ቀኝ እጇ ወደ አክስቴ ትከሻ ተዘርግቷል፤ በጣቶቿና በነጠላው መሃል ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ፣ ያላየሁትም እኔ። ድንኳኔን ነበራ የማየው።

ሦስት ቦታ ገለበጥሁት። አንዱን ለእቴቴ በወረቀት አሳተምሁ። ሱቁን ዘግቼ ወጥቼ ዝም ብዬ ዞርሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12። ቡሬ፣ 10፡00።

ቀስ ብዬ ልጻፍ፣ ቃላቱ ይቀዳደሙብኛል። በደስታ ነው።

ትናንት ቡሬ አደርሁ። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ባጃጅ ይዤ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። ብርድ ነው። የእቴቴን ነጭ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። አክስቴ ቅዳሴ ሳትሄድ ልድረስባት ብዬ ነው የማለድሁት። ሌላ ምንም አላሰብሁም። ይኸው ነው የኔ ነገር፣ አላስብም።

ውሻው ጮኸ። አክስቴ መጥረጊያ ይዛ በሩን ከፈተች። አየችኝ። ጋቢውን አየች። ሰማዩን አየች፣ ገና አልጠራም። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ በነጭ፣ ዝም ብሎ ደጅ ይቆማል። ፊቷ አመድ መሰለ። የበሩን መቃን ያዘች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ማንም! ማንም አልሞተም እትዬ አልሁ። እቴቴ ደህና ናት፣ ስወጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አክስቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ መጥረጊያውን ወረወረችብኝ። ትከሻዬን አገኘኝ። ይገባኛል።

ቆሜ ተናዘዝሁ። ሰባት ዓመት ስላልተነጋገርን አንቺ ማለት ጠፍቶኝ እርስዎ እያልሁ። እሷ ወፍጮ ቤት ነው ያየችው። ልጆቹ እየሳቁ አሳይተዋታል፣ እሷም አብራ ስቃለች መጀመሪያ። ከዚያ ነው የታችኛውን ያየችው።

«የሳቀውስ ይሳቅ፣ አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም» አለች። «እኔ እህቴ ሞተች ብዬ አፈር ስበላ፣ እሷ ሰፌድ ታቅፋ ታየኛለች። ያቆሰለኝ ይሄ ነው።»

ሙሉውን ፎቶ ከነስልኩ ሰጠኋት። በጣቴ አሰፋሁላት። ሌላው ሁሉ ከስክሪኑ ወጣና እጁ ብቻ ቀረ። ጣቶቹ፣ የበርበሬ ፍሬ የተጣበቀበት መዳፍ፣ የነጠላዋ ጥለት።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

አውቃው ነው የጠየቀችኝ። የእቴቴ ነው አልሁ። ይሄን ማን ቆረጠው አለች። ጓደኛዬ፣ ግን የላክሁት እኔ ነኝ አልሁ። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የጠረገችው አቧራ አልነበረውም።

ከዚያ ተነሳች። እንደምትመጣ ቀድሜ ለእቴቴ ልደውልላት ወይ ብላት እምቢ አለች። እኔንና እሷን ያጣላን መልእክተኛ ነው፣ እኔው እሄዳለሁ አለች። ጫማዋን አጠለቀች፣ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብላ ከፊቴ ቀደመች። መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። ባጃጁ ላይ ስትወጣ የኋላ መስታወቱን አየች። እዚያም ያ ፎቶ ተለጥፎ ራሷን አየች። ለሹፌሩ ምንም አላለችም፣ እኔን ብቻ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

እቴቴ አጥሩ ሥር በርበሬ ትለቅም ነበር። አክስቴ ከፊቷ ቆመች። እቴቴ ቁጭ ባለችበት ቀና ብላ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም፣ ሰባት ዓመት ያላለችውን አለች።

«ያኔ የላክሁት ሰው ወንዙ ሞልቶበት ተመለሰ። ሁለተኛ ሰው መላክ ነበረብኝ። አልላክሁም። ወንዙ አይደለም ያጠፋው፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አክስቴ ጎንበስ ብላ የእቴቴን ቀኝ እጅ ያዘች፣ አንስታ የራሷ ትከሻ ላይ አስቀመጠችው። እዚያው በርበሬው መሃል ተቃቅፈው አለቀሱ። በርበሬ በነካ እጅ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ሲያቃጥላቸው ደግሞ እየሳቁ። ውሃ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። አሁን ጓዳ ናቸው። ከሰዓት በፊት የጀመሩት ወሬ አላለቀም። ስለ አያቴ ነው፣ እየተሻሙ ነው የሚያወሩት።

ደብተሬ፣ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል ወረደ። መጥረጊያው የመታኝ ቦታ እንኳ አያመኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15። 6፡00። ፍ/ሰላም።

አንዲት አህያ አንድ ቢሮ ገብታ ወረፋ የያዘች ፎቶ ወጣ። ጠዋት ሦስት ሰው እሷን ጫንልኝ አለኝ። አልቃሿን የጠየቀ የለም። ሱቄ ፊት የሚቆመው ባጃጅም የኋላ መስታወቱን ልጦ አህያዋን ለጥፏል፤ የእቴቴ ሰፌድ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። ወር እንኳ አልሞላም። እሰይ። አህያዬ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።

ትናንት የመጀመሪያ ቅጣቴን ተወጣሁ። የእድሩ አንድ ሽማግሌ አረፉ፣ ሄጄ ተከልሁ። ካስማውን ስመታ አያ ደጉ ገመዱን ይዘውልኝ ነበር። ሰዉ እያለቀሰ ገባ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም የፈራሁትን ያህል አላፈርሁም። ስልኬን ቤት ትቼው ነበር የሄድሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። ገብርኤል። አክስቴ ቤት፣ 8፡30።

ጽዋው ደርሷል። ጸሎቱ ተደርጎ ዳቦው ተቆርሷል። የጾም ነው ግን ተትረፍርፏል። እቴቴና አክስቴ አንድ መደብ ላይ ናቸው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ እንዳላየ ይሆናል። እቴቴ በርበሬ ይዛላት መጥታለች፣ ከዚያው ከድንኳኑ በርበሬ። አክስቴ ሴቶቹን ሁሉ በተራ እያስሸተተች ታስነጥሳቸዋለች፤ የለቅሶ በርበሬ ነው፣ ለእኔ የተለቀሰበት አይደለም፣ እኔ ያለቀስሁበት እንጂ እያለች። የሳቁ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ከቤት ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ለእቴቴ ያሳተምሁት ፎቶ፣ ራሷ አምጥታላት፣ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ ከአያቴ ፎቶ ጎን። ግራጫ የሆነውን የታችኛውን ክፍል አክስቴ በመጋረጃ ቁራጭ ሸፍናዋለች። የገባ ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። ሁለቱ እህትማማቾች እጁን ያሳዩታል።

ዮናስ አሁን ደወለ። እርቁን ሰምቷል፣ ደስ ብሎታል፣ ለእቴቴ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሏል። ቀጥሎ ሐሳብ አመጣ። ሙሉውን ፎቶ ስጠኝ አለ። ከነታሪኩ እንልቀቀው፣ የሳቀው ሁሉ ያለቅሳል፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ አገር ያናውጣል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ያናውጥ ይሆናል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጣቴ በላችኝ፣ አልዋሽህም።

ገብቼ ግድግዳውን አየሁት። እጁን አየሁት። ተመልሼ ደወልሁለት።

አልሰጥህም አልሁት። የተቆረጠው ይበቃቸዋል። ሙሉውን ማየት የፈለገ አክስቴ ቤት ይምጣ፣ ደጁ ክፍት ነው።